ያዘገያል የተባለው ቁልፍ

ትናንት ከሰዓት የሥራ ባልደረባዬን አንገቱን ልይዘው ምንም አልቀረኝም ነበር... ምንችል ይባላል። ንፋስ መውጫ ከተማ፣ እኔ የማስተምርበት ኮሌጅ ውስጥ አንድ ሰርቨር በጋራ እናስተዳድራለን። ከተኳረፍን ግን ቆይተናል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰርቨሩ ላይ የሚሠራ ፕሮግራም ሁሉ የሚሞሪ ገደብ አለው፤ ገደቡም ሁለት ቁጥር ነው፤ አንዱ ለጊዜው የተፈቀደለት፣ ሌላው ከዚያ በላይ የማያልፈው ጣሪያ። ሁለቱ ቁጥሮች አብረው ነው የሚለወጡት። አንዱ ሰው እየለወጠ ሌላው እጁን እንዳያስገባ ከርነል በሚባለው የሰርቨሩ ዋና ፕሮግራም ውስጥ ቁልፍ አለ፤ የመጀመሪያው እስኪጨርስ ሁለተኛው ይጠብቃል። ምንችል «ያዘገያል!» ብሎ ይህን ቁልፍ ነቅሎ ጣለው። አለቃችንም ደገፈው። የተኳረፍነው በዚሁ ነው።

ትናንት ስንታየሁ የምትባል የአርብ ገበያ ከተማ ልጅ በዓመት አንዴ የሚሰጠውን የመጨረሻ ፈተና እየተፈተነች ነበር። ፕሮግራሟ ከጠዋት ጀምሮ ሲሠራ ውሎ ሊጨርስ ሲል ሚሞሪ አነሰው።

«ቲቸር፣ እባክዎ ትንሽ ይጨምሩልኝ!» አለችኝ።

ገደቡን መለወጥ ጀመርኩ... ለካ ምንችልም ሰምቷት ኖሮ በራሱ ማሽን እየጨመረላት ነው። ጀርባ ለጀርባ ተቀምጠን፣ አንድ ቃል ሳንተነፍስ!

አንዱ ቁጥር የእኔ፣ ጣሪያው የእሱ ሆኖ ቁጭ አለ። ሁለቱ ስላልተጣጣሙ ሰርቨሩ ቀጥ አለ። የስንታየሁ ፕሮግራምም የዋለበትን ሥራ ሁሉ ይዞ ጠፋ።

«ምን ነክተህ ነው?» ብሎ ምንችል ጮኸብኝ። እሱ ብሎ ጠያቂ!

«አባትህ ምርቱን ሲሰፍር ሰው ዘው ብሎ አውድማው ላይ ይገባል?» አልኩት።

«አይገባም!»

«ታዲያ እዚህ ሁለት ሰው ባንዴ እንዲገባ ያደረግከው ምን ቆርጦህ ነው?»

«አንተስ ስትገባ ነገርከኝ?»

እውነቱን ነው... ግን በዚያ ሰዓት እውነት መስማት አልፈለግኩም። ሰው ባይገላግለን ኖሮ ተያይዘን ነበር።

ለፈተናው ከሌላ ከተማ የመጣው ፈታኝ ሰዓቱን አየ። ወደ ደብረ ታቦር የሚወስደው መኪና ሊነሳ ነው። «አልቋል» አለና ቦርሳውን አነሳ። ስንታየሁ አላለቀሰችም። ነጠላዋን አስተካክላ «እናንተ ተጣሉ» ብላን ወጣች። ብትሰድበን ይሻለኝ ነበር የሚያሰኝ አነጋገር ነው።

ዛሬ ጠዋት ቁልፉን መልሼ ስከተው ምንችል ከኋላዬ ቆሞ «ያዘገያል እያልኩህ!» አለኝ።

ለዓይን ጥቅሻ ያህል ነው የሚያዘገየው... እኛ ልጅቷን አንድ ዓመት አዘገየናት።