ማርሚታዬን ያለ ፈቃዴ የከፈቱብኝ ቀን

ይህ ነገር የደረሰብኝ ካቻምና ኅዳር ላይ፣ ጤፉ ሊታጨድ በደረሰበት ሰሞን ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ቀን አልፏል፤ ይህችን ቀን ግን አልረሳትም። “አይሆንም” ያልኩትን ነገር ሰው “ለአንቺ ብዬ ነው” እያለ ሲያደርግብኝ ምን ያህል እንደሚያንገበግበኝ ያወቅሁት ያን ቀን ነው።

ተወልጄ ያደግሁት አዳማ ነው፤ የምኖረውም እዚያው። ሥራዬ ላም ማዳቀል ነው። የኮርማ ዘር በናይትሮጅን በሚቀዘቅዝ ጣሳ ይዤ በመልካሳና በደራ ዙሪያ ገጠር ለገጠር እዞራለሁ። ገበሬዎቹ “ዶክተር” ይሉኛል። ዶክተር አይደለሁም ብዬ ብዬ ደክሞኝ ትቼዋለሁ። የሰፈሬ ጎረምሶች ደግሞ ሳልፍ “ኮርማዋ መጣች!” ይላሉ። እንጀራዬ ነው፣ ምን ያሳፍረኛል? እኔም እስቃለሁ።

የምነዳት ሞተር ሳይክል የመሥሪያ ቤት አይደለችም። እቁቤን ጥዬ ራሴ የገዛኋት ናት። ስለዚህ ስለ እሷ የሚወስነው ሰው አንድ ብቻ ነው ብዬ አምን ነበር።

ችግሩ ድምፅ የላትም። ከእኔ በፊት በቦታው ይሠራ የነበረው ባለሙያ ማርሚታውን ከፍቶ፣ ማለትም ከጭስ ማውጫው ውስጥ ድምፅ የሚያፍነውን ቱቦ አውጥቶ ጥሎ ነበር የሚነዳው። የእሱ ሞተር አዋሽ ድልድይ ላይ ሲደርስ ደራ ላይ ይሰማል ይባል ነበር። ገበሬው ያንን ሲሰማ ላሙን እየጎተተ መንገድ ዳር ይወጣል። እኔ ግን ማንም ሳይሰማኝ መጥቼ ማንም ሳይሰማኝ እመለሳለሁ። “መቼ አለፍሽ?” የማይለኝ ሰው የለም።

ምክሩ ከየአቅጣጫው መጣ። ክፈቺው፣ ቅደጂው፣ ብሺው። እኔ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩ። የደነገጠች ላም ሰውነቷ ይኮማተራል፣ ዘሩንም በደንብ አትይዝም። ይህን የተማርኩት ብቻ ሳይሆን በገዛ እጄ የማውቀው ነገር ነው። ሥራዬ ላሟ ጋ እስክደርስ ያልቃል እንዴ? ሥራዬ የሚጀምረው እሷ ጋ ስደርስ ነው።

ከሁሉ የባሰው መካሪ መካኒኬ ሚኪ ነበር። ሚኪ ከቤቴ በታች ጋራዥ ያለው፣ እጁ የተባረከ፣ ጆሮው ግን የማይሰማ ሰው ነው። ሞተሬን ባየ ቁጥር ያቺኑ ነገር ያነሳል።

“ዶክተርዬ፣ ባለቤቱ ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም ይባላል እኮ። ፍቀጂልኝና ልክፈትልሽ።”

“ዝም አይነቅዝም ሚኪ። ተዋት።”

እንዲህ ተባብለን እንስቃለን። እኔ የተግባባን ነበር የመሰለኝ።

ያን ሐሙስ ጠዋት ከድር ደወለልኝ። ከድር ደራ ሳይደረስ ባለች መንደር ከእናቱ ከአዴ በዳቱ ጋር የሚኖር ገበሬ ነው። “ቡሬ ሌሊቱን ስትጮህ አደረች” አለኝ። ቡሬ የእናቱ ላም ናት። ኮርማ ፈልጋለች ማለቱ ነው።

ይህች ቡሬ የእኔም ራስ ምታት ነበረች። ሁለት ጊዜ አዳቅያት አልያዘችም። ሁለቱንም ጊዜ የጠሩኝ ሰዓቱ ካለፈ በኋላ ነው፤ መንደሩ ግን “የሴት እጅ ስለሆነ ነው” ብሎ ደምድሟል። ከድር ደግሞ “ላም አለኝ በሰማይ ሆነብን እኮ” ብሎ ከሥጋ ነጋዴ ጋር ተነጋግሮ ጨርሷል። ሐሙስ ካልተዳቀለች ቅዳሜ ገበያ ልትወጣ ነው። አዴ በዳቱ በዚያች ላም ወተት ነው የሚኖሩት። ደራ ከተማ ለሻይ ቤቶች እየሸጡ፣ ከልጅም ከጎረቤትም እጅ ሳያዩ ራሳቸውን የቻሉ ሴት ናቸው። ላሟ ከሄደች የከድር ጥገኛ መሆናቸው ነው።

ጠዋት የጮኸች ላም የምትዳቀለው ከሰዓት በኋላ ወደ አስር ሰዓት ግድም ነው። እስከዚያ የማደርገው ስለነበረኝ ሞተሬን ዘይት እንዲቀይርላት ለሚኪ ትቼለት ሄድኩ። ዘይቱን እንኳ ራሴ ገዝቼ፣ የሞተር ሳይክል መሆኑን ጣሳው ላይ አሳይቼ ነው የሰጠሁት። “ይህንን ብቻ” አልኩት። “አንቺ ደግሞ፣ ልጅ አደረግሽኝ” አለኝ።

ስምንት ሰዓት ላይ የናይትሮጅን ጣሳዬን ይዤ ተመለስኩ። አስነሳኋት። እውነቴን ነው፣ ከድንጋጤዬ ወደኋላ ዘለልኩ። ጋራዡ በር ላይ የተቀመጡት ወንዶች አጨበጨቡ።

“ስጦታዬ ነው!” አለ ሚኪ ጥርስ በጥርስ ሆኖ። “አሁን ደራ ብቻ አይደለም፣ ባቱም ይሰማሻል!”

ደሜ ፈላ። “መልሰው” አልኩት። “አሁኑኑ መልሰው።” የወጣውን ቱቦ ከቆሻሻው መሀል አነሳሁት። በመጋዝ ተቆርጧል፤ ሊመለስ የሚችለው በብየዳ ብቻ ነው። መብራት ደግሞ ከጠዋት ጀምሮ የለም። እዚያ ቆሜ ብከራከር ቡሬ ታልፈኛለች። ቱቦውን በፌስታል ጠቅልዬ ከዕቃዬ ጋር አሰርኩና ጥርሴን ነክሼ ወጣሁ።

እስከ መልካሳ ድረስ ሰው ሁሉ እየዞረ አየኝ። ነዳጅ ስቀንስ ደግሞ ጧ፣ ጧ ይላል። በዚህ ዘመን እንደ ተኩስ የሚጮህ ነገር ይዞ ገጠር መግባት ቀልድ አይደለም። አንድ የጋሪ ፈረስ ከነባለቤቱ መንገድ ሲስት አይቼ በእጄ ይቅርታ ጠየቅሁ። እኔ ያላጠፋሁትን ጥፋት!

ሁለተኛው ጉድ የመጣው አዋሽን ተሻግሬ ወደ ደራ የሚያወጣውን ዳገት ስጀምር ነው። ሞተሯ ትጮሃለች፣ አትሄድም። ነዳጅ ስጨምር ጩኸቱ ይጨምራል፣ ጎማው ግን ያው ነው። የሞተሩን ጉልበት ወደ ጎማው የሚያስተላልፈው ፍሪሲዮን እየተንሸራተተ ነበር። ዳር ይዤ ቆምኩና ለሚኪ ደወልኩ።

“የትኛውን ዘይት ነው ያደረግክባት?”

“ያንቺን ተዪው፣ ተራ ነገር ነው። የመኪና አንደኛ ዘይት ነው ያደረግሁልሽ። ከውጭ የመጣ!”

እኔ መካኒክ አይደለሁም፤ ግን ይህንን አውቃለሁ። የሞተር ሳይክል ፍሪሲዮን እንደ መኪና ለብቻው ደረቅ ቦታ አይቀመጥም። ሞተሩን የሚያለሰልሰው ዘይት ውስጥ ተነክሮ ነው የሚሠራው። ለመኪና የተሠራው ዘይት ደግሞ ከሚገባው በላይ ያንሸራትተዋል። የእኔ ፍሪሲዮን ያረጀ ስለነበር አንድ ዳገት እንኳ አልቻለም። ውድ መሆኑ ለእኔ ምን ይሠራልኛል? የወርቅ ጫማ ቢሆንስ ልኩ ካልሆነ ይደረጋል?

ስልኩን ዘጋሁበት። ከዚያ በአንደኛ ማርሽ እየጎተትኩ፣ ሲብስ ወርጄ እየገፋሁ፣ ላቤን እየጠረግሁ ዳገቱን ወጣሁት። የሚያልፉት የጭነት መኪና ረዳቶች “አይዞሽ እናት!” ይሉኛል። አንዳንዱም ይስቃል። ይሳቅ።

አስር ሰዓት አልፎ ወደ መንደሩ ገባሁ። ከሩቅ አየኋቸው። ከድር ቡሬን ከአጥሩ አጠገብ አስሮ ቆሟል፤ እናቱ ጎኗን ያሻሉ። ሞተሩን ላጠፋ ነዳጅ ስቀንስ ጧ! አለ። ቡሬ ብድግ ብላ ገመዱን በጠሰችና እግሬ አውጪኝ ብላ የጎረቤት ጤፍ ውስጥ ገባች።

ከድር በሁለት እጁ ራሱን ያዘ። “ይኸው ተሰማሽ!” አለኝ። ድምፅሽን አንሰማም እያለ ሲወቅሰኝ የኖረው እሱ ራሱ ነው።

ሁለት ጎረቤቶች ዱላ ይዘው መጡ። ከድር ገመድ አመጣ። ሦስት ሆነው ከበው ይዘው፣ ጠፍረው ሊያስሩልኝ ነው። ፀሐይዋም እያዘቀዘቀች ነበር።

“አይሆንም” አልኩ። “ማንም አይንካት። ተቀመጡ።”

“ሰዓቱ እኮ ሄደ!” አለ ከድር።

“ይሂድ። ተጠፍራ የምትያዝ ከሆነ እጄን አላስገባም። ጣሳዬን ይዤ እመለሳለሁ።”

“ዛሬ ካልሆነ ቅዳሜ ትሸጣለች። ጥፋቱ ያንቺ ነው።”

“እሺ፣ የእኔ ይሁን። ተቀመጥ።”

የማትመለስ ከሆነ ግን የአዴ በዳቱን ላም ያሸጥኳት እኔ ነኝ። መንደሩም የሚለውን አስቀድሞ ብሏል።

አዴ በዳቱ ወደ እኔ መጡ። ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅሁ። “አካም ጅርታ፣ ኢንተላ ኮ?” አሉኝ፤ ደህና ነሽ ወይ ልጄ ማለታቸው ነው። ያን ጊዜ እንባዬ መጣ።

“እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ሞተሩን ያለ ፈቃዴ ነው የከፈቱብኝ።”

“ተይው። እኔ አመጣታለሁ። እነዚህን ወንዶች ብቻ ያዢልኝ።”

ጓዳ ገብተው አንድ እፍኝ ቦሌ ይዘው ወጡ። ቦሌ በእኛ አካባቢ ለከብት የሚሰጥ ጨው ጨው የሚል አፈር ነው። በቀስታ እየተራመዱ፣ በኦሮምኛ እንደ ልጅ እያባበሉ ጤፉ ዳር ደርሰው ተቀመጡ። እጃቸውን ዘርግተው ጠበቁ። ረጅም ሰዓት ሆነ። ከድር ሁለት ጊዜ ሊነሳ ሲል ሁለቱንም ጊዜ በዓይኔ አስቀመጥኩት።

ቡሬ መጣች። ቦሌውን ላሰች። እናትና ልጅ መስለው ተከታትለው ወደ አጥሩ ተመለሱ። ማንም አላሰራትም፤ አዴ በዳቱ አንገቷን እንደያዙ ሥራዬን ጀመርኩ። ሰውነቷ ለስላሳ ነበር። ስጨርስ ፀሐይ ገና አልገባችም።

ስመለስ ሞተሩን አላስነሳሁም። ያን ሁሉ ተለምና የተረጋጋችን ላም መልሼ ላስደነግጣት? እስከ አስፋልቱ ድረስ ልገፋ ጀመርኩ። ትንሽ እንደሄድኩ ሞተሯ ቀለለችብኝ። ዞር ስል ከድር ከኋላ እየገፋ ነው። እንዲሁ እየገፋን አስፋልት ደረስን። እዚያ ሲደርስ “ለቅዳሜው ሰውዬ ደውዬ ሽያጩ ይቅር እለዋለሁ” ብሎኝ ተመለሰ።

በማግስቱ መብራት መጥቷል። ሚኪ ጋ ሄድኩ። የእኔ የዘይት ጣሳ እንደታሸገ መደርደሪያው ላይ ቁጭ ብሏል። የትናንት አጨብጫቢዎችም ቦታቸው ላይ ናቸው። በፌስታል የያዝኩትን ቱቦ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት።

“በይደህ መልስ።”

“ዶክተርዬ፣ እኔ እኮ ለአንቺ ብዬ ነው። ሰው ስጦታ ይቆጣል?”

“ለእኔ ብለህ ቢሆን ኖሮ ትሰማኝ ነበር። ስንት ጊዜ አይሆንም አልኩህ። ሞተሩ የእኔ፣ ሥራው የእኔ፣ አይሆንም ያልኩትም እኔ።”

“ቢሆንም ዘይት ዘይት ነው” አለ አንዱ አጨብጫቢ።

“እንግዲያው ወጥህን በእሱ ሥራ” አልኩት። ጋራዡ በሳቅ ፈረሰ፤ ሚኪ ብቻ አልሳቀም። ቁልፍ አንስቼ ዘይቱን ራሴ አፈሰስኩ፣ ከመደርደሪያው የራሴን አውርጄ ራሴ ሞላሁ። ብየዳውንም የተበላውን የፍሪሲዮን ሸራ መቀየሩንም እሱ ሠራ፤ አጠገቡ ቆሜ። ይቅርታ አላለኝም። እኔም አልጠበቅሁም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ዘይት የምቀይረው በራሴ ግቢ፣ በራሴ እጅ ነው። ጎረምሶቹ በአጥር እያዩ “ኮርማዋ መካኒክ ሆነች!” ይላሉ። ይበሉ።

ሐቁን ለመናገር የእኔም ጥፋት አለበት። ያን የመሰለ ቀን እያለብኝ ሞተሬን ለሰው ጥዬ መሄድ አልነበረብኝም። ያን ሁሉ ዳገት ስገፋም ይህንኑ ነበር የማስበው። ግን ጥፋት አለብኝ ማለት ሚኪ ልክ ነበር ማለት አይደለም።

ያልያዘች ላም በሃያ አንድ ቀኗ መልሳ ትጮሃለች፤ ቡሬ አልጮኸችም። በሦስት ወሯ በእጄ መረመርኳት፤ ይዛለች። ለአዴ በዳቱ ስነግራቸው እጄን ይዘው ሳሙት፤ ያንኑ አይዝም የተባለውን የሴት እጅ።

ነሐሴ ላይ፣ ጭቃው ጎማ በሚይዝበት ወር፣ ጥጃዋን ለማየት ሄድኩ። በዚያችው ሞተር እስከ አጥራቸው ድረስ ነዳሁና አጠፋሁ። ቡሬ ጥጃዋን እያጠባች ነበር፤ ቀና ብላም አላየችኝ፣ ማመስኳቷን ቀጠለች። ትንሽ ቆይቶ ከድር ወተት የሞላ ዕቃ ይዞ ከቤት ወጣና ሲያየኝ ክው አለ።

“መቼ መጣሽ? አልሰማሁሽም እኮ!”

“ላሟም አልሰማችኝም” አልኩት።

ወተቱን ቀድቶ ሰጠኝ። እዚያው ቆሜ ጠጣሁት።