ዛህራ ደህና ናት?

ዛሬም የተፈጨ ኮረሪማ ሲሸተኝ ጣቶቼ ሳይታወቃቸው የጌም መጫወቻውን ቁልፎች ይፈልጋሉ። አባቴ በስደት በምንኖርበት ከተማ፣ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ትንሽ የቅመም ሱቅ ነበረችው፤ እናቴ አዛውንት ስትንከባከብ ስለምትውል፣ ትምህርት ሲዘጋ እኔ ሱቋ ጓዳ ገብቼ፣ በጤፍ ከረጢቶች መሀል ተቀምጬ ጌም ስጫወት እውል ነበር። ጌሙ ሲጀመር ማን መሆን እንደምፈልግ ይጠይቀኝ ነበር፤ እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሌላ ማንም የለም። ሰው ሁሉ ወንድ ልጅ ቢለኝም ሴት መሆኔን በልቤ አውቅ ነበርና፣ አረንጓዴ ሻሽ ያሰረች ፈረስ ጋላቢ ሠርቼ ዛህራ አልኳት። ዛህራ እኔ ነበርኩ።

አንድ ቀን አባቴ የበርበሬ ካርቶን ተሸክሞ ሲገባ ስክሪኑ ላይ አያት። እኛ ቤት ስክሪን ላይ የሚታይ ሰው ደሴ ያለ ዘመድ ነው፤ አክስቶቼ በስልክ ብቅ ሲሉ አባቴ ከመቀመጫው ተነስቶ፣ ኮፍያውን አስተካክሎ ነበር ሰላም የሚላቸው። ያን ቀንም ካርቶኑን አስቀምጦ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ «አሰላሙ አለይኩም ልጄ፣ ደህና ነሽ? እናት አባትሽስ?» አላት። ዛህራ ዓይኗን ብቻ አርገበገበች።

«ማይኳን ኦፍ አድርጋው ነው አባዬ» አልኩት።

«ጨዋ ልጅ ናት» ብሎ ወጣ። ልስቅ ብዬ አለቀስኩ።

የወሎ ሰው አንዴ ሰላምታ ከጀመረ መች ይተዋል? ትምህርት ተከፍቶ ዝናብ ሲጀምር፣ በመኪና ሊወስደኝ በመጣ ቁጥር ገና በሩን ሳልዘጋ «ዛህራ ደህና ናት?» ይለኝ ነበር። የከፋኝ ቀን «ትንሽ አሟታል» ስለው፣ መሪውን እንደያዘ ዱዓ ያደርግላት ነበር፤ እኔም አፌን ሳልከፍት በልቤ አሜን እል ነበር።

ረመዳን ሲገባ ደግሞ ለጎረቤታችን ባለሱቅ ለእትዬ ሙና፣ «ወላሂ፣ እኔ ሳልለፋ ልጁ ሚስቱን ኦልሬዲ አግኝቷል» እያለ ሲስቅ ሰማሁት። ዛህራ ማን እንደሆነች ያወቀ ዕለት፣ ስለ እሷም ስለ እኔም ዳግመኛ እንዳይጠይቅ እፈራ ነበር።

አድጌ፣ ሎንግ ቢች ሆስፒታል ሥራ ይዤ፣ አንድ እሁድ ቤቴ ሲመጣ ነገርኩት። «አባዬ፣ ዛህራ እኔ ነኝ።» የመኪናውን ቁልፍ አንስቶ ወጣ። ሁለት ረመዳን ሳይደውልልኝ አለፈ፤ እኔም ስልኬን እያየሁ ብቻዬን አፈጠርኩ።

በሦስተኛው ዓመት የኢድ ጠዋት ደወለ። ስለ ሥራዬ ጠየቀኝ፣ ስለ መኪናዬ ጎማ ጠየቀኝ። በመጨረሻ፣ «ዛህራስ... ደህና ናት?» አለኝ።

«ደህና ናት አባዬ።»

ያኔ ማን መሆኗን ሳያውቅ ነበር የሚጠይቀኝ፤ አሁን እያወቀ፣ ግን ሩቅ እንዳለች ሰው አድርጎ ነው፤ ይኼ ያመኛል። ቢሆንም ስልኩን ከመዝጋቱ በፊት ዛሬም ዱዓ ያደርግላታል፤ እኔም እሱ እንዲሰማኝ ጮክ ብዬ አሜን እላለሁ።