ከሁለት ሜጋባይት በላይ አይገባም

ኮምፒውተር ገና ብርቅ በነበረበት ጊዜ አትላስ አካባቢ ባለ አንድ አስመጪ ድርጅት ውስጥ የሰርቨር ኃላፊ ነበርኩ። የሁላችንም ፋይል የሚቀመጠው እሱ ላይ ነው። በሞላ ቁጥር መሥሪያ ቤቱ ሥራ ይፈታል፤ ስድቡ ደግሞ የእኔ ነው።

አንድ ቀን ሥራ አስኪያጃችን ጋሽ ተካ ቱግ አሉ። «የጋራው ፎልደር ውስጥ ከሁለት ሜጋባይት የሚበልጥ ፋይል እንዳይገባ! ለማንም እንዳትፈቅድ፣ ለእኔም ቢሆን!» ደስታዬን አልቻልኩትም፤ ገደቡን ያኔውኑ አበጀሁ።

በማግስቱ የሒሳብ ክፍሏ እትዬ ዘነበች መጡ። «የልጄ ሰርግ ፎቶ አልገባም አለኝ። በሞቴ፣ ለእኔ ብቻ ክፈትልኝ።» እናቴ ያረፈች ጊዜ ድንኳን ውስጥ ከአጠገቤ ያልተለዩ ሴት ናቸው። እምቢ የሚል አፍ ከየት ላምጣ? ከፈትኩላቸው።

ከሰዓት በኋላ የግዢው ከድር ከች አለ። «ለእሳቸው ከፍተህ እኔ ላይ ልትዘጋ ነው?» ከዚያማ ምን አለፋችሁ፣ ሁሉም በየተራ «ለእኔ ብቻ» እያለ መጣ፤ ለሁሉም ከፈትኩ። ሳምንት ሳይሞላ ሰርቨሩ ጢም ሊል ትንሽ ቀረው። እንቅልፍ አጣሁ። ተስፋዬ ጋሽ ተካ ብቻ ነበሩ። ደርሰውበት አንዴ ቢጮሁ፣ ስድቤን ጠጥቼ ሁሉንም ዘግቼ እገላገላለሁ።

ዓርብ ዕለት መጡ። ክፍሌ ገብተው በሩን ከኋላቸው ዘጉት። ስድቤን ልቀበል ብድግ አልኩ።

ጠጋ ብለው፣ «ስማ፣ ገርጂ የማሠራው ቤት ፕላን ፋይሉ ትልቅ ነው ተብሎ ከፎልደሩ ተመለሰብኝ» አሉ በሹክሹክታ። «በሞቴ፣ ለእኔ ብቻ።»