የእናቴ አማች

አንዲት ሴት ለራሷ ባል ልትሆን ትችላለች? ጥያቄውን እስካሁን መመለስ አልቻልኩም። ነገሩ የደረሰብኝ በካንሰር ምክንያት ማንቁርቴ በቀዶ ሕክምና ከወጣ በኋላ፣ እንደገና መናገር በጀመርኩበት ዓመት ነው።

አንገቴ ላይ መተንፈሻ ቀዳዳ አለኝ። ሐኪሞቹ ውስጡ ትንሽ የድምፅ መሣሪያ ገጥመውልኛል፤ ስናገር ቀዳዳውን በአውራ ጣቴ እደፍነዋለሁ። የሚወጣው ድምፅ ወፍራምና ሻካራ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ "ኧረ ድምፅሽን አሰሚን" ስባል የኖርኩት ሴት፣ ይኸው ተሰማሁ።

የንግግር ባለሙያዋ ንግግሬ ለሰው ይገባ እንደሆነ ልትፈትን ንባቤን ቀድታ ለማያውቀኝ ሰው አሰማችውና የሰማውን ጻፈ። አንድ ቃል አልሳተም፤ "ኀይል"ን ብቻ በሃሌታው ሀ ጽፎታል። ከታች "ሽማግሌው ጥሩ ያነባሉ" ብሎ አክሎበታል። ባለሙያዋ ግን "እንኳን ደስ አለሽ፣ አለፍሽ" አለችኝ።

ወደ ቡራዩ ስመለስ ሚኒባስ ውስጥ "ወራጅ አለ" አልኩ። ሾፌሩ "እሺ ፋዘር!" ብሎ ቆመ። ተሳፋሪው ሁሉ ከኋላዬ ለተቀመጡት አዛውንት መንገድ ለቀቀላቸው። ሰውየው መውረጃቸው አልነበረም።

በዚያው ሳምንት እናቴ ከጎጃም ደወሉ። ግፊታቸው እንዳይነሣ ብለን ሕመሜን ደብቀናቸዋል፤ ወንድሜ "ስልኳ ተበላሽቶ ነው" ሲላቸው ነው የከረመው።

"እንዴት ዋሉ እማዬ? እኔ ነኝ" አልኩ። አንቱ እያልኳቸው ነው ያደግሁት፤ "እኔ ነኝ" ደግሞ ወንድ ከሴት አይለይም።

እልል አሉ። "አግብታ ነዋ የጠፋችው! አንተ የማን ልጅ ነህ?"

ልነግራቸው ስል ቀጠሉ። "ስማኝ ልጄ፣ ዝምታዋን እንደ ኩራት እንዳትቆጥርባት። ዘግይታ ስለተማረች እንዳልሳሳት ብላ ነው። ከልጆቼ ሁሉ እንደሷ የምኮራበት የለኝም።"

ለእኔ እንዲህ ብለውኝ አያውቁም። አውራ ጣቴ ከቀዳዳው ላይ ተነሣ፤ ድምፄም አብሮ ጠፋ።

ከዚያ ወዲያ እሑድ እሑድ ይደውላሉ። "እሷስ?" ሲሉኝ "ቤተ ክርስቲያን ሄዳለች" እላለሁ። እውነቱን ብናገር ሕመሜን ማወቃቸው ነው፤ አማቻቸውም መሞቱ ነው።

በመጨረሻ ለአማቻቸው ጋቢ ይዘው ቡራዩ መጡ። ገና ሳይቀመጡ "የታል?" አሉ።

ስካርፌን ፈታሁ። ቀዳዳውን ደፍኜ፣ በዚያው በሰውዬው ድምፅ፣ ሁሉንም ነገርኳቸው። እያለቀሱ አንገቴን በመዳፋቸው ሊሸፍኑት ሲሉ እጃቸውን ያዝኩ፤ የምተነፍሰው በዚያ ነው። ከዚያ ድንገት ቀና አሉ።

"ያልኩትን ሁሉ ሰምተሻላ?"

"ሰምቻለሁ።"

"እንግዲያው ሁለተኛ አልደግመውም።"

አልደገሙትም። አሁን ሲደውሉ "በላሽ?" ብለው ይዘጋሉ። እውነቱን በመናገሬ አልጸጸትም። አማቻቸው ግን ይናፍቀኛል።