«የት አየሽው?» ይሉኝ የነበሩት ቲቸር ታፈሰ

ኧረ ውሸት ነው በሉኝ!

ጓደኛዬ መክሊት ዛሬ ጠዋት ደውላ «ቲቸር ታፈሰ አረፉ» ስትለኝ ከአፌ ቀድሞ የወጣው «የት አየሽው?» ነው። ከዚያ ሁለታችንም በአንዴ ማልቀስ ጀመርን፣ ምክንያቱም ይቺ ቃል የእኔ አይደለችም፣ የሳቸው ናት።

ለማታውቋቸው፦ ቲቸር ታፈሰ ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ አስተማሪ ናቸው። «ነበሩ» የሚለው ገና ከአፌ አልወጣም፣ ተዉኝ። ቤታቸው የካ ሚካኤል አካባቢ ነው። አምና የአስራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና የወደቅን የሰፈር ልጆችን ሰብስበው ቅዳሜ ቅዳሜ በነጻ ያስጠኑን ነበር። እኔና መክሊት ዘንድሮ በግል ነው የምንፈተነው። ፈተናው ደግሞ... ቆይ፣ እሱ ጋ እመጣለሁ።

ከጠዋት ጀምሮ አንድ ቦታ መቀመጥ አቅቶኛል። እነሳለሁ፣ በር ድረስ እሄዳለሁ፣ እመለሳለሁ። እናቴ «አንቺ ልጅ፣ እግርሽን ምን ነካው?» ትለኛለች። መጽሐፉን እገልጣለሁ፣ «ኢሮዥን» ይላል፣ የአፈር መሸርሸር፤ መልሼ እዘጋዋለሁ።

መጀመሪያ ቀን ያደረግኩትን ልንገራችሁ። «ግሬዲየንት ምንድን ነው?» አሉ። ሽምደዳ ላይ ደግሞ ማን ይችለኛል! ተነስቼ የመጽሐፉን እንግሊዝኛ ቃል በቃል ለቀቅኩት። መጨረሻ ላይ «አዝ ሾን ኢን ዘ ፊገር ቢሎው» ብዬ ኮራ ብዬ ተቀመጥኩ። ከታች ያለውን ስዕል ተመልከቱ የሚለውን ጭምር ሸምድጄው ነበር እኮ!

ቲቸር ጎንበስ ብለው ከወንበሬ ሥር ፈለጉ። «እሺ፣ ስዕሉ የታል?»

ልጆቹ አውካኩ። እኔ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። እሳቸው ግን አልሳቁም። «ያነበብሽውንማ ነገርሽኝ። የት አየሽው?»

«የት ይታያል ቲቸር? ፈተና ላይ ነው የሚመጣው» አልኳቸው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሁላችንንም ይዘው ወደ እንጦጦ ወጡ። ዳገቱ መሃል ትንፋሼ ቁርጥ ቁርጥ ሲል ዞር ብለው «ይኸው ግሬዲየንት! ጭንቅላትሽ ቢረሳው እንኳ ጉልበትሽ አይረሳውም» አሉኝ። ጫፉ ላይ ስንደርስ ሃይላንዳቸውን ከፈቱና ውሃውን ግማሹን በዚህ ጎን፣ ግማሹን በዚያ ጎን አፈሰሱት። «ይሄ አዋሽ ይገባል፣ ይሄ ደግሞ አባይ። ወተርሼድ የምትሉት ይሄ የቆማችሁበት ነው።» እኛን ውሃ ጥም ሊገድለን ነው፣ እሳቸው ይደፉታል! መክሊት «ቲቸር፣ የእኛስ ጉሮሮ የት ይገባል?» አለቻቸው። ሲስቁ ትከሻቸው ነበር የሚንቀጠቀጠው።

ከዚያ በኋላ አበቃልኝ፣ ሁሉም ነገር ጂኦግራፊ ሆነ። ወሰን ሰፈር ከታክሲ ስወርድ ጎርፍ ያመጣው ደለል አስፋልቱ ላይ ተከምሮ ሳይ «ዲፖዚሽን» እላለሁ። እናቴ ከበራችን ላይ ጭቃውን በአካፋ ስትዝቅ «እማ፣ ይሄ እኮ ከላይ ከተራራው ተሸርሽሮ የመጣ አፈር ነው» ብላት፣ «እንግዲያው መልሰሽ ውሰጂዋ!» ብላ አካፋውን አስጨበጠችኝ።

ማይግሬሽን ላይ ስንደርስ ደግሞ «አባትሽን ጠይቂው» አሉኝ። አባቴ ከሆሳዕና ነው የመጣው፣ ወሰን ትንሽ ጋራዥ አለው። ወሬ አይወድም። የአያቴ መሬት ለወንድማማቾቹ ሲከፋፈል ለእሱ የደረሰው ጎጆ እንኳ የማያስቆም እንደነበር ያን ቀን ነው የሰማሁት። ሰውን ከቀዬው የሚገፋው ምንድን ነው ብትሉኝ ከዚያ ወዲህ መጽሐፍ አያስፈልገኝም።

ቲቸር ቅዳሜ «የት አየሽው?» ሲሉኝ «እቤት» አልኳቸው። «ጎሽ» አሉኝ።

አሁን ወደ ጉዳዩ። ቀብራቸው ነገ ስድስት ሰዓት የካ ሚካኤል ነው። እኛ ደግሞ ነገ ጠዋት ወደምንፈተንበት ካምፓስ እንገባለን። ከገባን ፈተናው እስኪያልቅ መውጣት የለም፣ ስልክም የለም። ካልገባሁ ይሄም ዓመት ሄደ ማለት ነው።

እናቴ «ያስተማረሽ ሰው ቀብር ይቀራል እንዴ? ሰው ምን ይላል?» ትላለች። አባቴ ደግሞ «እሳቸው ቢጠየቁ የቱን ይመርጡ ነበር?» አለ። ሁለቱም ልክ ናቸው፣ እኔን የሚያቃጥለኝም እሱ ነው። ባለፈው ቅዳሜ እኮ አብረን ነበርን! ደከመኝ ብለው ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉ። «ቲቸር፣ ሐኪም ቤት እንውሰድዎት» ብላቸው «አንቺ ችኩል፣ መጀመሪያ ፈተናሽን ጨርሺ» ብለው ተቆጡኝ።

ስለዚህ ፈተናው ጋ እሄዳለሁ። አባቴ ቀብሩ ላይ ይቆምልኛል። እናቴም እያኮረፈች ጥቁሩን ነጠላዋን አውጥታለች።

ቲቸርዬ፣ ነገ አፈር ሲለብሱ እኔ የለሁም። ይቅር ይበሉኝ። ደግሞ ተናድጄብዎታለሁ፣ እውነቴን ነው፤ ውጤቴን እስኪያዩ ቢቆዩ ምን ነበረበት? ሰው ሁሉ «ሞቱ» ይለኛል። እኔ ግን አላየሁም፣ ያላየሁትን እንዳልቀበል ያደረጉኝ ደግሞ እርስዎ ነዎት። ወተርሼድ ፈተናው ላይ ከመጣ ሃይላንድዎን ይዘው እንጦጦ ጫፍ ላይ እንደቆሙ ነው የማይዎት። ስወጣ በቀጥታ የካ ሚካኤል እመጣለሁ። ያኔ አያለሁ፣ ያኔ አምናለሁ።

እስከዚያ ግን እንደ ቅዳሜያችን ነው የምሰናበትዎት።

ደህና ይዋሉ ቲቸር።