የዓለሚቱ የጋዝ ጥግ

ማሞ ጎሚስታው ገና በጠዋቱ ኮምፕሬሰሩን በጋሪ አስጭኖ የጋሽ ዱጉማ ጋራዥ በር ላይ ቆመ። ሰማዩ ጠቁሯል፤ ላፍቶ የሐምሌን ዝናብ ትጠብቃለች። ከውስጥ ዓለሚቱ በተከፈተ ኮፈን ላይ ተደፍታ መዝሙር ታንጎራጉራለች።

«ዛሬ ነው አይደል ጥጉን የምትለቂልኝ?» አላት።

«ጋሽ ዱጉማ ይምጡና ይንገሩህ።»

«ነግረውኛል እኮ። ‹የሸምሱ መኪና ዛሬም ከቆመ ቦታው ያንተ ነው› ብለውኛል። እስከዚያ ጎማዬ ላይ ቁጭ እላለሁ። እኔ ቸኩዬ አላውቅም።»

ዓለሚቱ ወደ ሞተሩ ተመለሰች። ከሆሳዕና በልጅነቷ መጥታ መካኒሳ አክስቷ ቤት ያደገች፣ ከኳየር ልምምድ የማትቀር፣ ከሰው ጋር ስታወራ ዐይኗን መሬት ላይ የምትተክል፣ ከሞተር ጋር ግን ፊት ለፊት የምትነጋገር ሴት ናት። ሌሎች ጋራዦች «ሴት ልጅ ዘይት ትቀይር እንጂ ሞተር አታወርድም» ብለው ሲመልሷት፣ ጋሽ ዱጉማ ናቸው መፍቻውን መዳፏ ላይ አስቀምጠው «በይ አውርጂው» ያሏት። ጋራዡ አባታቸው ጤፍ ይዘሩበት የነበረ መሬት ላይ ነው የቆመው። የነዳጅ ማደያው ሰልፍ መንገድ መዝጋት ሲጀምር ዓለሚቱ መኪናን ከቤንዚን ወደ ሲሊንደር ጋዝ መቀየር ተማረችና ከግቢው አንዲት ጥግ ለመነቻቸው። እሳቸውም ሰጧት።

የቀየረችው የመጀመሪያ መኪና የሹፌሩ የሸምሱ አሮጌ ዲኤክስ ነበር። የሰፈሩ ሹፌሮች ሁሉ ዐይናቸውን የጣሉት እሱ ላይ ነው። የሸምሱ ከሄደ የእነሱም ይመጣል፤ ከቆመ ማንም አይመጣም።

እሱ ደግሞ ይቆማል። በቤንዚን ሲነዳ ምንም የለበትም። በጋዝ ሲሆን ግን መንገድ ላይ ይንተፋተፍና ቀጥ ይላል። የሚያናድደው፣ ጋራዥ ሲገባ ደህና መሆኑ ነው። ዓለሚቱ ጋዝ የሚያፈስ ካለ ብላ በየመገጣጠሚያው የሳሙና አረፋ ቀባች፤ የተነፋ አረፋ የለም። ማጣሪያውን ቀየረች፣ ካንዴላዎቹን ለወጠች፣ የጎማ ቱቦዎቹን አንድ በአንድ ዳሰሰች። ሞተሩ ተነስቶ እንደ ጠገበ ድመት ያንኮራፋል። ሸምሱ ይዞት ይወጣል፤ ብዙም ሳይቆይ አፍንጫውን ነፍቶ ይመለሳል።

«እህቴ፣ ይኼ መኪና ያንቺን ፊት ሲያይ ይድናል» አላት ሸምሱ ከመሪው ጀርባ ተቀምጦ። «ሚስቴም እንዲሁ ናት። ሌሊቱን ስታቃስት አድራ የሐኪም ቤቱን በር ስትረግጥ ‹ተሻለኝ፣ እንመለስ› ትለኛለች።»

ዓለሚቱ ቀና አለች። እንግዲያው በሽተኛው ሐኪም ቤት ካልታመመ፣ ሐኪሟ ከበሽተኛው ጋር መሄድ አለባት። ኮፈኑን ዘግታ ከሸምሱ ጎን ገባች።

«ንዳ። በጋዝ። እስኪቆም ድረስ ንዳ።»

በሩ ላይ ከጋሽ ዱጉማ ጋር ተገጣጠሙ። «ወዴት ነው?»

«ልናስቆመው ነው፣ ጋሽ።»

«ከቆመማ ለማሞ እሰጣለሁ አልኩሽ እኮ።»

«ሲቆም ካላየሁት አላድነውም» አለችና ከአፏ የወጣው ቃል ራሷን አስደነገጣት።

ቁልቁል ወደ ሀና ማርያም ሲወርዱ ዝናቡ ለቀቀው። ነፋሱ ከፊት ይጋረፋል። ቤተ ክርስቲያኑን እንዳለፉ ሞተሩ ተንተፋተፈ፤ አንዴ ሳለና ዝም አለ። ዓለሚቱ መኪናው ቆሞ ሳያበቃ ዘላ ወርዳ ኮፈኑን ከፈተች።

ፈሳሹን ጋዝ ወደ ትነት የሚለውጠው ዕቃ፣ ሬዲዩሰሩ፣ ነጭ ሆኗል። ጣቷን አስጠጋች፤ ያዘና ለቀቃት። በረዶ ነው።

ዝናቡ አንገቷ ውስጥ እየገባ ሳቀች። ሸምሱ ጃኬቱን ራሱ ላይ ደፍቶ መጣ።

«ምን ያስቅሻል? ቆመብን እኮ።»

«እየው ሸምሱ፣ ንካው። ጋዙ ሲተን ሙቀት ይጠጣል። ሙቀቱን የሚሰጠው ከሞተሩ የሚመጣው ሙቅ ውሃ ነው። ሙቅ ውሃ ካላገኘ እንዲህ ይረጋል፣ ጋዙም አያልፍም። አንተ ደግሞ ቤንዚን ላይ አድርገህ ቀስ እያልክ እስክትመጣ በረዶው ይሟሟል። እኔ የማገኘው ደረቅ ዕቃ ነው።»

የራዲያተሩን ውሃ አየች፤ ሙሉ ነው። የሞተሩን ቱቦ ጨበጠች። ይህን ሁሉ መንገድ መጥቶ ለብ ያለ ብቻ ነው። አንገቷን በመስኮት አስገብታ የሙቀት መለኪያውን አየች፤ መርፌው ከታች ተኝቷል።

«እሱ ሁሌም እዚያው ነው» አለ ሸምሱ። «የኔ መኪና ሙቀት አያበዛም፤ በሱ እኮራለሁ።»

ዓለሚቱ ነገሩ ገባት። ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃውን ወደ ራዲያተሩ እንዳይሄድ የሚይዘው ቴርሞስታት ነው። ጋሽ ዱጉማ ጋራዥ ገብቶ ቴርሞስታቱ ሳይወጣለት የተመለሰ መኪና ደግሞ የለም። «ይኼ ፈረንጅ ለበረዶ የሠራው ነው። እኛ አገር ምን በረዶ አለ? ተጣብቆ ሞተር ከማቃጠል በቀር አይረባም» ይላሉ፣ ይነቅሉታል። እሷንም ያስተማሯት እንደዚያ ነው።

ሲመለሱ ከመኪናው ወርዳ ጋሽ ዱጉማ ፊት ቆመች፤ ዐይኗ መሬት ላይ ነው።

«ጋሽ፣ አገኘሁት። ቴርሞስታቱ ስለሌለው ነው።»

ማሞ ከጎማው ላይ «ወይ ጉድ» አለ።

«በቤንዚን ሲሆን ያውጡት፣ ምንም አይልም። ጋዙ ግን በረዶ ይሠራል፣ ጋሽ። በጄ ነክቼዋለሁ።»

«በላፍቶ በረዶ?» አሉ።

«ሀና ማርያም ጋ ነው» አለ ሸምሱ። «እኔም ነክቻለሁ፤ ወላሂ።»

ሽማግሌው ተነስተው ወደ ዕቃ ቤት ገቡ። ተቆጥተው የሄዱ መስሏት ነበር። ሲወጡ የሚያንቃጭል የዘይት ጣሳ ይዘዋል፤ እስከ አፉ ቴርሞስታት ነው። ብረት መጣል አይወዱም።

«ቡታጋዙን ለኩሺ። ውሃ ጣጂ።»

ውሃው ሲፈላ ሦስቱም ወንዶች ዓለሚቱን ከበቧት፤ ማሞም ጎማውን ትቶ መጣ። አንዱን ቴርሞስታት ጣሉት፤ ንቅንቅ አላለም። ሌላ ጣሉ፤ እሱም ሙት ነው። «ሁሉንም ነው የገደሉት፣ ጋሽ» አለ ማሞ። «አንተ ወሬኛ፣ ወግድ ከብርሃኑ» አሉት። ቀጥሎ የገባው ግን እንቅልፍ እንደጠገበ ዐይን ቀስ እያለ ተከፈተ። ዓለሚቱ በማንኪያ አውጥታ እፍ አለችበት፤ ሲቀዘቅዝ ተከደነ። ጋሽ ዱጉማ «እንድገመው» አሉ። ደገሙት። ተከፈተ።

አስገብታ አሰረችው፣ የጎደለውን ውሃ ሞላች። መሪውን ጋሽ ዱጉማ ያዙ፣ ዓለሚቱ ከጎናቸው፣ ሸምሱ ከኋላ። ዝናቡ አላባራም። መርፌው ከተኛበት መነሳት ሲጀምር ሸምሱ ወደ ፊት ተንጠራራ።

«ጋሽ፣ ሊያቃጥለው ነው።»

የጋሽ ዱጉማ እጅ ወደ ቤንዚኑ መቀየሪያ ሄደ። ዓለሚቱ ሳታስበው እጃቸውን ያዘችው።

«ይተዉት።»

መርፌው ወጣ፣ ወጣ፤ መሃል ላይ ሲደርስ ረጋ። ሀና ማርያምን አለፉ፣ ዞሩ፣ ዳገቱን ያዙ። ሞተሩ ምንም ሳይንተፋተፍ፣ ጎርፉን እየሰነጠቀ በጋዝ ወጣ። ሸምሱ «አልሐምዱሊላህ» አለና ከኋላ ትከሻዋን መታ መታ አደረጋት። እሷ አልሰማችም፤ ሞተሩን እያዳመጠች ነው።

በሩ ላይ ሲደርሱ ማሞ ከነጋሪው ቆሞ ነበር። «ታዲያ እኔ የት ልውረድ?»

«እዚሁ በሩ ጎን። ጎማ የፈነዳበት ሰው ውስጥ ድረስ ይገባል እንዴ?» አሉት ጋሽ ዱጉማ። ከዚያ ወደ ዓለሚቱ ሳይዞሩ ጠየቋት፦

«የስንት መኪና ቴርሞስታት ነው የነቀልኩት?»

«ብዙ ነው፣ ጋሽ።»

«የማንን እንደሆነ ታስታውሺያለሽ?»

«አብዛኛውን።»

«እንግዲያው ደውዪላቸው። ጋዝ ከማስገባታቸው በፊት መጀመሪያ እኔ ጋ ይምጡ በያቸው።»