አባቴ የቀመሱት ክሪስታል

ሐሙስ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ሸዋ ሮቢት ደረስኩ። ቦርሳዬን ወንበር ላይ ጥዬ ፊቴን ልታጠብ ጓሮ ዞርኩ። ከደሴ ስመጣ ወላጆቼ ቤት ማደሬ በማግስቱ ከሰዓት አዲስ አበባ፣ ላቦራቶሪ ውስጥ፣ የምመራመርበትን ክሪስታል የምለካበት ተራ ስለነበረኝ ነው። ተራው ካለፈኝ የሁለተኛ ዲግሪ ጽሑፌን ዘንድሮ አላስረክብም።

ስመለስ አባቴ በረንዳው ላይ፣ ፀሐይ መሃል፣ ከቦርሳዬ ያወጡትን ጥቁር መጠቅለያ ጨርቅ ፈትተው ክሪስታሌን ይዘዋል። አሊዩ አምባ ገበያ ከነበሩበት ጊዜ ጀምሮ የጨው ነጋዴ ናቸው፤ ጨው ሳይቀምሱ አያልፉም።

«ቢስሚላህ» ብለው ላሱት።

«ኧረ አባ፣ ይተዉት!»

«መረር አይልም። ከየት አገር ነው?»

«የልጅቱን ዲግሪ ልሰው ጨረሱት» አለች እናቴ ከበሩ።

ጨውነቱስ እውነት ነው፤ ላቦራቶሪ ውስጥ ያደገ፣ እጅግ ጥቂት መዳብ የገባበት ጨው። ብርሃን ሲያርፍበት ኤሌክትሮኖች ከቦታቸው ይፈናቀሉና በክሪስታሉ ጉድለቶች ውስጥ ተይዘው ይቀራሉ። የተያዙት ደግሞ ቀድሞ ዝም ብሎ ያልፍ የነበረውን ኢንፍራሬድ ጨረር ይውጣሉ። ምን ያህል እንደሚውጡ ለማወቅ ክሪስታሉ ብርሃን ሳያይ መጀመሪያ መለካት አለበት። የኔ አሁን ፀሐይ አይቷል፤ ምራቅም ነክቶታል፤ ውሃም ኢንፍራሬድ ይውጣል። ሌላ አልነበረኝም።

እስከ መግሪብ ከበረንዳ ጓሮ ተመላለስኩ። እርጥቡን ገጽ በአልኮል ማለስለስ ይቻላል። የተያዙትንም ኤሌክትሮኖች ሙቀት ይለቃቸዋል። ለዚህ የሚሆነው ምድጃ ያለው ግን እዚያው አዲስ አበባ ላቦራቶሪ ነው፤ ለመጠቀም ደግሞ በመልእክት ብቻ ለማውቀው ባለሙያ ደውዬ የሆነውን መናገር አለብኝ። የማላውቀውን ሰው በስልክ ከማነጋገር በእግሬ ብሄድ ይቀለኛል። ቁጥሩን አውጥቼ መልሼ አጠፋሁት። እራት ላይ የቆረስኩትን እንጀራ መልሼ ሰሃኔ ላይ አስቀመጥኩት።

አባቴ ሰሃኔን እያዩ «የማይቀመስ ጨው መኖሩን ማን ነግሮኝ» አሉ ቀስ ብለው።

ዓርብ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ለባለሙያው ደወልኩ።

«ክሪስታሉ ምን ሆኖ ነው?»

«አባቴ... ቀምሰውት።»

«አይሰማም።»

«ከፍ አድርጊው እንጂ» አሉ አባቴ ከጎኔ።

«አባቴ ቀምሰውት ነው። ጨው ነጋዴ ናቸው። ፀሐይም ነክቶታል። ምድጃውን ብትፈቅዱልኝ...»

ሰውየው ሳቁን መያዝ አልቻለም። «እስከ ስድስት ሰዓት ድረሺ። ተራሽን ወደ መጨረሻ እገፋዋለሁ፤ ክሪስታሉ ከምድጃው ወጥቶ እስኪቀዘቅዝ ጊዜ ይወስዳል።»

ቁርስ ሳልቀምስ ባጃጅ ይዤ ወደ መናኸሪያ ሄድኩ።